የሲም ሞጁላችን ለምን እየጠፋ ይነሳል? ለሴሉላር ሞጁል የኃይል ምንጭ አነዳደፍ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምናየው ብዙ የምረቃ ፕሮጀክቶችን መጨረሻ ላይ የሚያሰናክል፣ ነገር ግን በጥቂት ስሌትና በርካሽ ዕቃ የሚፈታ ጉዳይ ነው። እሱም ለሴሉላር ሞጁል የሚሆን የኃይል ምንጭ እንዴት እንደሚነደፍ ነው።

የፕሮጀክት ማቅረቢያ ጊዜ ሲቃረብ በእንዳየሱስ ግቢ ቤተ ሙከራዎች አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ሞጁሉ ይበራል፣ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ከዚያ ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ምን እናድርግ?» ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሲም ካርዱ ይቀየራል። ቀጥሎ ኮዱ ከላይ እስከ ታች ይፈተሻል። ከዚያ ኔትወርኩ ይወቀሳል። በመጨረሻም ሞጁሉ «ተቃጥሏል» ተብሎ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። በአብዛኛው ግን ጥፋቱ ከእነዚህ በአንዳቸውም ላይ የለም። መልቲሜትሩ 4.0 ቮልት እያሳየ ሞጁሉ በኃይል እጦት እየወደቀ ሊሆን ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ከገባን መፍትሔው ሩቅ አይደለም።

ጉዳዩ ከውጤት በላይ ነው። እንደ ዓይናለም ባለ የውሃ ጉድጓድ ላይ የውሃውን ከፍታ የሚከታተል፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሲሞቅ ለጤና ባለሙያ መልእክት የሚልክ፣ ወይም የመስኖ ፓምፕ ሲቆም ለገበሬው የሚያሳውቅ መሣሪያ ስንሠራ ሰዎች በዚያ መልእክት ይተማመናሉ። መልእክት ካልመጣ «ሁሉም ደህና ነው» ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ኃይል አጥቶ ዝም ያለ መሣሪያ ጨርሶ ካልተገጠመው ይብሳል። ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ የስልክ አገልግሎቱ በ2015 ዓ.ም. እስኪመለስ ድረስ መቀሌ የኖረ ሰው የተቋረጠ መስመር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

1. ሞጁሉ ኃይል የሚወስደው እንዴት ነው?

ለምሳሌነት በተማሪዎች ዘንድ የተለመደውን ሲም800ኤልን እንውሰድ። ይህ ሞጁል በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ (በጂኤስኤም) የሚሠራ ነው። በጂኤስኤም ብዙ ስልኮች አንድን የሬዲዮ ሞገድ በየተራ ይጠቀማሉ። ጊዜው 4.615 ሚሊሰከንድ ርዝመት ባላቸው ፍሬሞች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ፍሬም ደግሞ በ8 ተራዎች ይከፈላል። አንድ ተራ 0.577 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ስልኩ በተራው ብቻ ይልካል፣ በቀሪዎቹ 7 ተራዎች ከመላክ ያርፋል።

ይህን ሁላችንም በጆሯችን ሰምተነዋል። ደርስ ላይ ማይክራፎን አጠገብ ስልክ ሲቀመጥና ጥሪ ሊገባ ሲል ድምፅ ማጉያው «ድርርር፣ ድርርር» ይላል። ያ ድምፅ በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ የሚደጋገመው የስልኩ የመላኪያ ምት ነው።

በእያንዳንዱ ምት ሞጁሉ እስከ 2 አምፒር ከረንት ይስባል። በ4 ቮልት ሲባዛ 8 ዋት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ በ900 ሜጋኸርዝ በአንቴና የሚወጣው ቢበዛ 2 ዋት ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከምቱ በኋላ ከረንቱ ወዲያው ወደ ጥቂት አሥር ሚሊአምፒር ይወርዳል።

አሁን አማካዩን እናስላ። 2 አምፒር ከ8 ተራ በአንዱ ብቻ ስለሚወሰድ 2 ÷ 8 = 0.25 አምፒር ይሆናል። መልቲሜትር የሚያሳየን ወደዚህ የቀረበ ቁጥር ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ያይና «ግማሽ አምፒር የሚሰጥ ምንጭ ይበቃል» ይላል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሞጁሉ የሚወድቀው በአማካዩ ሳይሆን በምቱ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይኼ ነው፦ የኃይል ምንጩን ለአማካዩ ሳይሆን ለጫፉ ንደፉ።

2. የ0.6 ቮልት በጀት

የሲም800ኤል ዳታሺት የሚፈቅደው ቮልቴጅ ከ3.4 እስከ 4.4 ነው። ከ3.4 በታች ለአጭር ቅጽበት እንኳ ከወረደ ሞጁሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ከ4.4 በላይ ከሆነ ደግሞ ሊበላሽ ይችላል። 4.0 ቮልት ብንሰጠው ወደ ታች ያለን ቦታ 0.6 ቮልት ብቻ ነው።

ይህን 0.6 ቮልት እንደ ወር ወጪያችን እንቁጠረው። ገመዱ ይወስዳል፣ ካፓሲተሩ ይወስዳል፣ ሬጉሌተሩ ይወስዳል። ድምሩ ከ0.6 ካለፈ ሞጁሉ ይወድቃል። በተጨማሪም ለክፉ ቀን የሚሆን 0.2 ቮልት ሳይነካ ይቀመጥ። ስለዚህ የምናወጣው 0.4 ቮልት ብቻ ነው።

3. የተለመዱት ምንጮች ለምን አይበቁም?

የአርዱይኖ 5 ቮልት ፒን፦ አርዱይኖ ኡኖ ከኮምፒውተር በዩኤስቢ ሲሠራ 500 ሚሊአምፒር የሚገድብ ፊውዝ አለው። ከዚህም በላይ 5 ቮልት ከሞጁሉ ጣሪያ በላይ ነው። 3.3 ቮልቱ ፒን ደግሞ በቮልቴጅም ከወለሉ በታች ነው፣ በከረንትም አይደርስም።

7805፦ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው፤ ለሲም800ኤል ቀጥታ አይሆንም።

5 ቮልትን በ1ኤን4007 ዳዮድ ማውረድ፦ ብዙዎች የሚጠቀሙበት አቋራጭ ነው። ነገር ግን የዳዮዱ ቅናሽ ከከረንቱ ጋር ይለዋወጣል። ሞጁሉ ሲያርፍ ቅናሹ ትንሽ ስለሚሆን ቮልቴጁ ወደ ጣሪያው ይጠጋል፤ ሲልክ ደግሞ ይወርዳል። ዳዮዱ ራሱም የተሠራው ለ1 አምፒር ነው። ለጠረጴዛ ሙከራ ቢያገለግልም ሰው ለሚተማመንበት መሣሪያ አይሆንም።

ኤኤምኤስ1117፦ ከፍተኛው ከረንቱ 1 አምፒር ነው። በግቤቱና በውጤቱ መካከልም ከ1.1 እስከ 1.3 ቮልት ልዩነት ይፈልጋል። ከ5 ቮልት ስንነሳ 4.0 ላይ አያደርሰንም።

4. ሁለት የሚሠሩ ንድፎች

ሀ. ከ5 ቮልት ስንነሳ

ጥሩ 5 ቮልት፣ 2 አምፒር ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ ቻርጀር ካለን ኤምአይሲ29302 የተባለውን ሬጉሌተር መጠቀም እንችላለን። እስከ 3 አምፒር ይሰጣል፤ የሚፈልገው የግቤትና የውጤት ልዩነትም በተለምዶ ከግማሽ ቮልት በታች ነው። ውጤቱ በሁለት ሬዚስተሮች ይወሰናል፦

ውጤት = 1.24 × (1 + የላይኛው ÷ የታችኛው)

የላይኛው 100 ኪሎኦም፣ የታችኛው 43 ኪሎኦም ቢሆን 1.24 × 3.326 = 4.12 ቮልት እናገኛለን። ይህ ሬጉሌተር ያለ ጭነት በትክክል ስለማይሠራ ከውጤቱ ወደ ግራውንድ 470 ኦም ሬዚስተር ይጨመርለት። ሙቀቱስ? (5 − 4.12) × 0.3 አምፒር = 0.26 ዋት ገደማ ነው፤ ይህ ቀላል ነው።

ለ. ከ12 ቮልት ስንነሳ

በሶላር የሚሞላ የመኪና ዓይነት ባትሪ ወይም 12 ቮልት አዳፕተር ከሆነ ምንጩ ሊኒየር ሬጉሌተር አያዋጣም። (12 − 4) × 0.3 = 2.4 ዋት በከንቱ ሙቀት ይሆናል፤ ከባትሪው ኃይል ለሥራ የሚውለው ሲሶው ብቻ ነው። እዚህ የሚያስፈልገን ስዊችንግ ሬጉሌተር ነው። ኤልኤም2596 እስከ 40 ቮልት ይቀበላል፣ እስከ 3 አምፒርም ይሰጣል። በትንሽ ቦርድ ላይ ከሚዞር ማስተካከያ ጋር ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ውጤቱ 1.23 × (1 + የላይኛው ÷ የታችኛው) ነው። የታችኛው 1 ኪሎኦም፣ የላይኛው 2.25 ኪሎኦም ሲሆን 4.0 ቮልት ይሰጣል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሞጁሉን ከማገናኘታችሁ በፊት ውጤቱን በመልቲሜትር 4.0 ላይ አስተካክሉ። እነዚህ ቦርዶች ሲገዙ ማስተካከያቸው የት እንዳለ አይታወቅም፤ 12 ቮልት በቀጥታ ያገኘ ሞጁል አይመለስም። በሁለቱም ንድፎች ከሞጁሉ አጠገብ 5.1 ቮልት ዜነር ዳዮድ፣ ከግቤቱ በኩል ደግሞ ፊውዝ ጨምሩ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ እንደሚዘል ሁላችንም እናውቃለን። 220 ቮልቱን ግን ራሳችሁ አትንኩት፤ ለዚያ ክፍል የተዘጋጀ አዳፕተር ተጠቀሙ።

5. ካፓሲተሩ ስንት ይሁን?

ካፓሲተር እንደ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር ነው። መስመሩ ቀስ ብሎ ይሞላዋል፤ ቤተሰቡ በአንዴ ሲከፍት ታንከሩ ይሰጣል። የሚወርደው ቮልቴጅ በዚህ ይሰላል፦

የቮልቴጅ ቅናሽ = ከረንት × ጊዜ ÷ ካፓሲታንስ

ምንጫችን በምቱ ቅጽበት 1 አምፒር አቀረበ እንበል። የጎደለውን 1 አምፒር ካፓሲተሩ ይሸፍናል። ከበጀታችን 0.2 ቮልት ብንፈቅድለት፦

1 × 0.000577 ÷ 0.2 = 0.002885 ፋራድ፣ ማለትም 2885 ማይክሮፋራድ

ሦስት 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮችን በፓራሌል ብናገናኝ 3000 እናገኛለን፤ ቅናሹም 0.19 ቮልት ይሆናል። ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሦስቱ የሚመረጡበት ምክንያት አለ። እያንዳንዱ ካፓሲተር የራሱ የውስጥ ሬዚስታንስ አለው። 0.1 ኦም ቢሆን ሦስቱ በፓራሌል 0.033 ኦም ይሆናሉ፤ በ1 አምፒር የሚያስከፍሉን 0.03 ቮልት ብቻ ነው። ከእነሱ ጎን 100 ናኖፋራድና 10 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ጨምሩ፤ ፈጣኑን ንዝረት የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ በጂፒአርኤስ ዳታ ስትልኩ ሞጁሉ በአንድ ፍሬም ሁለት ተራ ወይም ከዚያ በላይ ሊጠቀም ይችላል። ሁለት ተራ 1.154 ሚሊሰከንድ ነው፤ በ3000 ማይክሮፋራድ ቅናሹ ወደ 0.38 ቮልት ያድጋል፤ በጀታችንን ሊጨርሰው ይደርሳል። ዳታ የሚልክ መሣሪያ ከሆነ 4700 ወይም ከዚያ በላይ ምረጡ፣ ወይም የተሻለ ምንጭ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ካፓሲተር ማብዛት ደካማን ምንጭ አያድንም። መስመሩ ታንከሩን በዕረፍቱ ጊዜ መሙላት ካልቻለ ታንከሩ በየምቱ እየጎደለ ይሄዳል።

6. የማይታየው ሌባ፦ ገመድ

0.13 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ በሜትር 0.13 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። ምንጩ ከሞጁሉ ግማሽ ሜትር ቢርቅ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 1 ሜትር ይሆናል። በ2 አምፒር 0.27 ቮልት በገመድ ላይ ይቀራል። የብሬድቦርድ ቀዳዳዎችም የየራሳቸውን ይጨምራሉ፤ የርካሽ ጃምፐር ገመዶች መዳብ ደግሞ ከዚህም የቀጠነ ሊሆን ይችላል።

በ0.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ብትቀይሩት ቅናሹ ወደ 0.07 ቮልት ይወርዳል። ካፓሲተሮቹን ከሬጉሌተሩ አጠገብ ሳይሆን ከሞጁሉ ፒን አጠገብ ብታስቀምጧቸው ደግሞ የምቱ ግማሽ በገመዱ አያልፍም፤ ቅናሹ ያንሳል። የሞጁሉ ግራውንድ በአርዱይኖ በኩል አይዙር። ሁለቱም ከምንጩ ግራውንድ በየራሳቸው ገመድ ይነሱ። አለዚያ ምቱ የሴንሰሮቻችሁን ንባብ ያዛባል።

7. መብራት ሲጠፋ

አንድ የሊቲየም አዮን ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ሲም800ኤልን ያለ ሬጉሌተር በቀጥታ ሊያሠራው ይችላል። ነገር ግን ሴሉም የውስጥ ሬዚስታንስ አለው። 0.1 ኦም ቢሆን በምቱ ጊዜ 0.2 ቮልት ይወርዳል። ስለዚህ ባትሪው በዕረፍት 3.6 ሲያሳይ በምቱ 3.4 ላይ ደርሷል ማለት ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ ወይም ስልክ የተፈታ ሴል የውስጥ ሬዚስታንሱ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። እንደ አጽቢ ባሉ ደጋ ቦታዎች በሌሊት ቅዝቃዜም ይጨምራል። በዚህ ምክንያት በባትሪው ላይ የተጻፈውን ሙሉ መጠን አትቁጠሩ፤ 70 በመቶውን ያዙ።

ለምሳሌ 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ቢኖረን፣ መሣሪያችን ደግሞ በአማካይ 60 ሚሊአምፒር ቢወስድ፦ 2000 × 0.7 ÷ 60 = 23 ሰዓት ገደማ ይቆያል። አስተውሉ፤ አማካዩ የሚያገለግለው እዚህ ነው። የቆይታ ጊዜ በአማካይ ይሰላል፣ በሕይወት መቆየት ግን በጫፉ።

ለመሙያ የተለመደው ቲፒ4056 ባትሪውንና ጭነቱን ለይቶ አያውቅም። ሙሌቱን የሚያቆመው ከረንቱ ከተወሰነው አንድ አሥረኛ ሲደርስ ነው። ሞጁሉ በጎን እየሳበ ከሆነ ያ ሰዓት ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ መብራት ባለ ጊዜ መሣሪያው ከአዳፕተሩ፣ ሲጠፋ ከባትሪው እንዲሠራ የሚለይ መስመር ሥሩለት።

8. ያለ ኦሲሎስኮፕ እንዴት እንለካ?

ኦሲሎስኮፕ ካገኛችሁ ፕሮቡን በሞጁሉ የኃይል ፒን ላይ አድርጉ፣ ትሪገሩን በሚወርድ ጠርዝ 3.6 ቮልት ላይ አስተካክሉና ደውሉ። ጉድጓዱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። መልቲሜትር ግን አያሳየውም፤ 0.577 ሚሊሰከንድ ለእሱ እጅግ አጭር ነው።

ኦሲሎስኮፕ ከሌለ አርዱይኖ ኡኖ ይተካዋል። አንድ የአናሎግ ንባብ 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ በአንድ ምት ውስጥ 5 ንባብ ይገባል።

• ከሞጁሉ የኃይል ፒን 33 ኪሎኦም፣ ከዚያ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎኦም አገናኙ። መካከሉን ለአናሎግ ፒን ስጡ። 4.4 ቮልት ወደ 1.02 ቮልት ይወርዳል።
• መለኪያውን የውስጥ 1.1 ቮልት ማመሳከሪያ አድርጉ። 5 ቮልቱን ማመሳከሪያ ካደረጋችሁ እሱ ራሱ አብሮ ይወርድና ይዋሻችኋል።
• በሉፕ ውስጥ ትንሹን ንባብ ብቻ መዝግቡ። በየንባቡ ወደ ስክሪን አትጻፉ፤ ጊዜ ይበላል። ጥሪው ካለቀ በኋላ ጻፉት።
• ንባቡ 866 ከሆነ 4.0 ቮልት ነው። ከ736 በታች ከወረደ ከ3.4 አልፏል። የውስጥ ማመሳከሪያው ከአንዱ አርዱይኖ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ሞጁሉ ባረፈበት ጊዜ አንድ ጊዜ በመልቲሜትር አመሳክሩት።

9. ግቢ ውስጥ ሠርቶ ገጠር ለምን ይወድቃል?

ታወሩ ቅርብ ሲሆን ኔትወርኩ ሞጁሉን «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ይለዋል፤ የመላኪያ ኃይሉና ከረንቱ ይቀንሳሉ። ታወሩ ሲርቅ ሞጁሉ በሙሉ ኃይሉ ይጮሃል፤ 2 አምፒሩ የሚመጣው ያኔ ነው። መቀሌ መሃል ላይ ለሳምንት ያለ እንከን የሠራ መሣሪያ በተምቤን ሸለቆ በመጀመሪያው መልእክት ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ፈተናችሁን በምቹ ቦታ ብቻ አታድርጉ። ኤቲ+ሲኤስኪው በሚለው ትእዛዝ የሲግናሉን ጥንካሬ ጠይቁ፤ ከ0 እስከ 31 ይመልሳል። 20 ማለት −73 ዲቢኤም፣ 8 ማለት −97 ዲቢኤም ነው። ቁጥሩ ዝቅ የሚልበትን ወፍራም ግንብ ያለው ምድር ቤት ፈልጉና ለ5 ደቂቃ የድምፅ ጥሪ አድርጉ። ኤስኤምኤስ ቶሎ ያልቃል፤ ጥሪ ግን ምቱን ያለማቋረጥ ይደጋግማል። ባትሪው ባነሰበት፣ ገመዱ በረዘመበት ሁኔታ ሞክሩት። አንቴናው ሳይገጠም ግን በፍጹም አትላኩ።

በመጨረሻም መሣሪያው በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ከመነሻ ቮልቴጁ ጋር እንዲልክ አድርጉ። ያ መልእክት የቀረ ቀን ባለቤቱ ዝምታውን እንደ ደህንነት አይቆጥረውም።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. ምንጩ 1.5 አምፒር ይሰጣል፣ ምቱ 2 አምፒር ነው፣ የሚፈቀደው ቅናሽ 0.2 ቮልት ነው። ለአንድ ተራ ስንት ማይክሮፋራድ ያስፈልጋል?
2. ምንጩ በ0.13 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ 1 ሜትር ይርቃል። ካፓሲተር ከሌለ 4.0 ቮልቱ በምቱ ጊዜ ሞጁሉ ጋ ሲደርስ ስንት ይሆናል?
3. 3000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ፣ በአማካይ 50 ሚሊአምፒር ወጪ፤ ስንት ሰዓት?

መልስ፦ 1) 1443 ገደማ፤ በገበያ ካለው 2200 ይመረጥ። 2) በገመዱ 0.53 ቮልት ይቀራል፤ የሚደርሰው 3.47 ነው፣ ከወለሉ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። 3) 42 ሰዓት።

አላህ የምንማረውን ለሰው የሚጠቅም ያድርግልን።